የደሺን ነጭ መረቅ

ፑ ደሺን ሰው በአበላሉ ይታወቃል ባይ ነው። በቾንግቺንግ ወደብ ክሬን ሲነዳ ያረጀ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚንተከተከውን በርበሬ የሞላ ቀይ መረቅ ያልደፈረ ሁሉ ወንድ የማይመስለው ሽማግሌ። አንድ ልጁ ሩዪ በርበሬ ከማይበዛበት ከጓንግዶንግ የመጣ ልጅ መውደዷን የሰማ ጊዜ፣ «በርበሬ ፈርቶ ነጭ መረቅ የሚያዝ አማች ደጄን አይረግጥም» ብሎ በሰው ፊት ፎከረ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ወሩ ሳያልቅ ጉድ ፈላ። ሐኪሙ ጨጓራህ ቆስሏል፣ በርበሬ እርም በል አለው። ደሺን ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ሚስቱ ሱጀን የምታቀርብለትን ምግብ፣ ዞር ስትል በሻይ እያጠበ መብላት ያዘ።

የዛሬው እራት ግን በሻይ የሚታለፍ አልነበረም። የሩዪ እጮኛ ዌይሆንግ ከወላጆቿ ጋር ሊተዋወቅ መጥቷል። በኮረብታው ሆድ ውስጥ በተፈለፈለው ምግብ ቤት ጠረጴዛ ከበዋል። የወደብ ባልደረባው ጂያንግም አለ፤ ያን ፉከራ በጆሮው የሰማ፣ የሰማውንም የማይረሳ ሰው።

«ድስቱ ቀይ ብቻ ይሁን ወይስ መሃሉን ነጭ ላድርግላችሁ?» አለች አሳላፊዋ።

ሩዪ አፏን ስትከፍት ዌይሆንግ ቀደማት። «ቀይ ብቻ። በደንብ የሚያቃጥል።»

«ጎሽ» አለ ጂያንግ። «ደሺን፣ ልጁ አንበሳ ነው እኮ።»

ደሺን ክው አለ። ልጁ ፈርቶ ነጭ ያዛል፣ እኔም በእንግዳ አሳብቤ እቋደሳለሁ ብሎ ነበር የመጣው።

ድስቱ በርበሬ ተንሳፍፎበት ከጠረጴዛው መሃል ተጣደ። ዌይሆንግ የበሬ ጨጓራ ድስቱ ውስጥ ነከር ነከር አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ደሺን ፊት ባለው የነጭ ሽንኩርትና የሰሊጥ ዘይት ማጥቀሻ ላይ አስቀመጠለት። ለታላቅ ሳያቀርቡ መብላት ነውር ነው፤ የቀረበን መግፋትም እንደዚያው። ደሺን ዋጠ። እሳቱ ወርዶ ቁስሉ ላይ አረፈ።

ልጁም በላ። ጆሮው ቀላ፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ፣ ቀጥሎ እንባው ወረደ። «በጣም ይጣፍጣል» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?» አለ ጂያንግ።

«ደስታ ነው፣ ጋሼ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ደሺን ግን አልሳቀም። ልጁ እሱን ለማስደሰት ነው የሚቃጠለው፤ ይኸው ሌላ ቁራጭ ሊነክር እጁን ዘረጋ። ደሺን ለእንግዳው ከበደው ብሎ ነጭ መረቅ ቢያዝ፣ ከሕመሙም ከሐሜቱም ይድናል። ነገ ግን ጂያንግ ወደቡን ሁሉ በዌይሆንግ ሲያስቅ ይውላል። አንጀቱ አልቻለም።

«የኔ ልጅ፣ ነጭ መረቅ አምጪልን» አለ አሳላፊዋን።

«ለአማችህ ነዋ» አለ ጂያንግ።

«ለእኔ ነው። ጨጓራዬ ቆስሏል። ሐኪም በርበሬ ከከለከለኝ ሰነበተ።»

ሱጀን ወደ ባሏ ዞረች። «ለዚህ ነዋ ሻይህ ላይ ዘይት የሚንሳፈፈው» አለች። «እኔ ደግሞ ስኒ ስፈትግ ከረምኩ። ሰው ከሚስቱ በሽታ ይደብቃል?»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው» አለ ደሺን አንገቱን ደፍቶ።

ነጩ መረቅ በሌላ ድስት መጣ። የዌይሆንግ ከንፈር አብጧል፤ ቢሆንም ለስላሳውን የዓሣ ሥጋ አብስሎ አስቀድሞ ለደሺን አወጣለት።

«መጀመሪያ አንተ ብላ። አፍህን አላየኸውም መሰለኝ» አለው ደሺን።

ልጁ ሌላ ልመና አላስፈለገውም፤ ማስመሰሉን ትቶ ሲበላ ጊዜ ደሺን በልቡ ወደደው።

«እሁድ ቤት ትመጣለህ» አለው። «ሱጀን ያለ በርበሬ መሥራት አታውቅም፤ ለእኔ ብላ ደግሞ አትማርም። ላንተ ስትል ግን ትማር ይሆናል። እኔም የልጄን ባል ተጠግቼ እበላለሁ።»

ሩዪ አባቷ «የልጄ ባል» ማለቱን ሰምታ ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ ጂያንግም በርበሬው ነው ብሎ ውሃ ቀዳላት።