የወንፊቱ ጀርባ

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሒሳብ አስተማሪው የፈተናውን ውጤት ሰሌዳ ላይ ለጠፈና እጁን አራግፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ መምህራን ክፍል ገባ። ከሠላሳ ስምንት ተማሪ አንድም አላለፈም። ሌላ አስተማሪ ቢሆን እንዲህ ያለውን ወረቀት ሲለጥፍ ቢያንስ አንዴ ቆም ብሎ «ምን ጉድ ነው?» ይል ነበር። የእሱ ፊት ግን ልጁን የዳረ ሰው ይመስል በርቷል።

«አላልኳችሁም?» አለ፣ የጠየቀው ሰው ሳይኖር። «ድንጋይ ናቸው አላልኳችሁም? ጥግ ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ነው አንደኛ የወጣው፣ ያውም ከአርባ አሥራ አምስት አምጥቶ። ጎበዝ ጎበዝ የምትሏቸው ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ! ለካ እስከ ዛሬ የኖሩት በኩረጃ ነው።»

ይህ ሰው እንግዲህ ሒሳብ ያስተምራል። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ ክብ ያጠቆረ ልጅ እንኳ ከአርባው አሥር ያህሉን እንደማያጣ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረበት እሱ ነው። ጎበዞቹ በሙሉ ከአንቀላፊው በታች ሲሆኑም አንድ ነገር ሊሸተው ይገባ ነበር። ምንም አልሸተተውም። ሰው መናቅ ሲጥመው ስሌቱ ሁሉ ከራሱ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል።

አገሩን ለቆ እዚህ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በሌለበት «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉታል፤ የማስታወቂያውንም፣ የልደት ካርዱንም፣ የሐዘን መግለጫውንም ፊደል ሳያርም አያልፍምና። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነው። ዕድሜው ያን ያህል ሆኖ አይደለም። አንድ ጊዜ «አንተ» ያለውን ሰው «አንድ ጡት ነው የጠባነው?» ብሎ በሰው ፊት ስላዋረደው፣ ሁሉም እሱን ከማባባል እርስዎ ማለት ይቀላል ብሎ ተወው።

ፈተና የሚያርመው ከጫማ ካርቶን በቆረጣት ወረቀት ነው። በትክክለኛው መልስ ቦታ ሁሉ ቀዳዳ በስቶባታል። የተማሪውን ወረቀት ከሥር አድርጎ ይደርባታል፤ በቀዳዳው ጥቁር ክብ ከታየ ልጁ አገኘ፣ ካልታየ በቀዳዳው በኩል ቀይ ምልክት ያሳርፍበታል፤ ቀለሙም ካርቶኗን ይነካካታል። መምህራኑ «ወንፊቱ» ይሏታል። ሁለት አስተማሪዎች ሆነን እየተያየን እናርም ቢባል «እኔ ጠባቂ አያስፈልገኝም» ብሎ ወንፊቱን ኪሱ ከትቷል።

በትምህርት ቤቱ ያሉት የአገሩ ሰዎች ሁለት አስተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱንም አይረቡም ብሎ ካስቀመጣቸው ቆይቷል። አንደኛው የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ፊሽካውን ከአንገቱ ስለማያወልቅ «ፊሽካ» ይባላል። ጋሼ እሱን አስተማሪ ብሎ አይቆጥረውም፤ «ኳስ የሚያቀብል» ነው የሚለው። ሁለተኛዋ ሕፃናት የምታስተምረው እትዬ ናት። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች መጽሐፍ ዘቅዝቀው ሲይዙ ጎንበስ ብላ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ገልብጠህ ይዘኸዋል፣ የኔ ጌታ» የምትለውን በየኮሪደሩ እየቀዳ ያስቅባታል። «ይኼም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል» ይላል።

የእትዬ ልጅ ግን እሱ ክፍል ነው የምትማረው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የአስተማሪ ልጅ ቦታዋን የምታቆየው ሁሉንም ትምህርት ስታልፍ ብቻ ነው። በአንዱ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጥና እሷ አገር ቤት አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ እናቷ እዚህ፣ እሷ እዚያ። ይህን የሚወስነው ጉባኤ የሚቀመጠው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጅቷ ያገኘችው ሁለት ከአርባ ነው።

ውጤቱ እንደተለጠፈ መጥታ «ጋሼ፣ ወረቀቴን ባየው?» ብላው ነበር።

«ወረቀት አይታይም» አላት። «ያጠናች ልጅ ወረቀቷን ለማየት አትለምንም።»

እትዬ ጥግ ተቀምጣ የቀዘቀዘ ሻይዋን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ፊሽካ ብድግ ያለው።

«ተነሱ!» አለ። «ሐይቁ ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ እንሂድ፣ እሑድ እንመለስ። ልጅቷንም ይዘን። እዚህ ተቀምጠን ሰኞን ስንጠብቅ ከምናብድ ዓሣ እየበላን እንበድ። ጋሼ፣ እርስዎም!»

ጋሼ ሊያኮርፍ አሰበና ተወው። ያለ እሱ ጨዋታቸው እንደማይደምቅ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ከሦስቱ መኪና ያለው እሱ ብቻ መሆኑ አልታየውም።

የፈተናውን ወረቀት በሙሉ ጭኖ ሄደ፤ «ከኔ እጅ ወጥቶ አያድርም» አለ። መንገዱን ሁሉ ሲያስተምራቸው ሄደ። የዚህ አገር ልጆች ስንፍናቸው፣ የኛዎቹ ከእነሱ መባሳቸው፣ ሕፃናት ክፍል በዘፈን ያለፈ ልጅ ኋላ ሒሳብ ሲያይ እንደሚደነግጥ። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር በመስታወቱ እትዬን አያት። እሷ መስኮቱን ነበር የምታየው። ልጅቷ በጣቷ ጉልበቷ ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች። ፊሽካ ብቻ «እሺ ጋሼ፣ እውነት ነው ጋሼ» እያለ ለውዝ ይበላል፤ ገለባውም ከመቀመጫው ሥር ይራገፋል፤ ጋሼም በመስታወቱ ይገላምጠዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠና ልጅቷን ጠራት። በሰው ፊት ልኳን ሊያሳያት ፈልጎ ነው።

«እስቲ አንቺ ጎበዟ። የአንድ ክብ ሬዲየስ እጥፍ ቢሆን ስፋቱ በስንት ያድጋል?»

«አራት እጥፍ ይሆናል።»

ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ከአንድ እስከ መቶ ያለው ቁጥር ቢደመር?»

«አምስት ሺህ ሃምሳ» አለች፣ አፉን ሳይገጥም።

«እሱንማ ማንም ያውቀዋል።»

«የመጀመሪያው ጥያቄዎ ፈተናው ላይ ዘጠነኛ ነበር» አለች ልጅቷ። «ያኔም አራት እጥፍ ነው ያልኩት። ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ልጇን በዓይኗ ጠቀሰቻትና ዓሣውን እንድታጥብ ወደ ውሃው ላከቻት። ራሷ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ነው ብሎ ማለፍ ለጋሼ አልከበደውም።

ፊሽካ ከግቢው ማዶ ከሰል አቀጣጥሎ እፍ ሲል እፍ ሲል ደከመው። ማራገቢያ ፍለጋ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከወንበሩ ጀርባ ኪስ አንዲት ካርቶን ይዞ ወጣና ማራገብ ጀመረ። ጋሼ አይቶት እየሮጠ መጣ።

«እሷን አስቀምጥ! መሣሪያዬ ናት!»

«አሁን አስቀምጣለሁ፣ ተያይዟል እኮ» አለ ፊሽካ። ከዚያ ካርቶኗን ገለበጣት፤ መልሶ ገለበጣት። «ጋሼ፣ ይቺ ወንፊትዎ ለምንድን ነው ጀርባዋ ብቻ የቀላው?»

«ምን?»

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ‹ፊት› ብለው ጽፈዋል። ፊቷ ጠብታ የለባትም። ጀርባዋን ግን ይዩት፣ ዶሮ የታረደባት ነው የምትመስለው።»

ፊሽካ የጠየቀው ምንም ተንኮል ሳያስብ ነበር። ጋሼ ግን ክው አለ። ቀይ ቀለሙ የሚያርፈው ሲያርም ወደ ላይ በነበረው ገጽ ላይ ነው። ወደ ላይ የነበረው ጀርባዋ ከሆነ ሠላሳ ስምንቱንም ወረቀት ያረመው ወንፊቱን ገልብጦ ነው። የተገለበጠች ወንፊት ደግሞ ግራዋ ቀኝ ይሆናል፤ ‹ሀ› የነበረው ቀዳዳ ‹መ› ላይ፣ ‹ለ› የነበረው ‹ሐ› ላይ ያርፋል። ሁሉንም በትክክል የመለሰ ልጅ ዜሮ ያገኛል። ጥቂት የሳተች ልጅ፣ ከሳተችው ውስጥ ቢቀናት ሁለት ታገኛለች። እያንቀላፋ በግምት ያጠቆረ አንደኛ ይወጣል።

ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀና ሲል ልጅቷ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ ዓሣ ታጥባለች፣ እናቷ ወደ ሽንኩርቱ አጎንብሳለች። የሚፈለግበት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተሳስቻለሁ»። እሷን ቢል እነዚያ ሁለት ሴቶች ያን ቀን ምሳቸውን በሰላም ይበሉ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስሕተት በቀይ ሲከብብ የኖረ ሰው የራሱን አንዲት ስሕተት ከአፉ ማውጣት አቃተው። ወንፊቷን ከፊሽካ እጅ መነተፈና እሳቱ ላይ ጣላት።

«ያረጀች ናት» አለ። «ካርቶን ደግሞ ጥሩ ይነድዳል።»

ፊሽካ የምትነደውን ካርቶን አየ፤ ቀጥሎ እሱን አየው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና በኮፍያው ያራግብ ጀመር። «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ በኋላ ያ ለፍላፊ ቀኑን ሙሉ አላናገረውም። ጋሼ «አልገባውም፣ ከየት ይገባዋል» ብሎ ራሱን አጽናናና ዓሣውን በላ፤ ሁለቴ አስጨመረ።

እሑድ ሲመለሱ መሪውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌሊቱን ሳስበው ነበር» አለ። «ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረግ። ወረቀታቸውን በለዘብተኛ ዓይን ደግሜ ላየው ነው። ሰው ጨካኝ ይለኛል፤ ሆዴ ግን አይችልም።»

እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ! ውለታዎን አልረሳም!»

«በለዘብተኛ ሳይሆን በልኩ ቢያዩት ይበቃኝ ነበር» አለች ልጅቷ። እናቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ጋሼም ይቅር ባይ ፈገግታ ፈገግ አለ፤ ያን ፈገግታ ያየ ሰው በጥፊ ባይለው ትዕግሥተኛ ነው። ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ፊሽካና ልጅቷ ውሃ ለመግዛት ወረዱና ቆዩ። ተመልሰው ሲገቡ ልጅቷ ጉልበቷ ላይ መጻፍ ትታለች። መንገዱን ሁሉ ማጅራቱን ስታየው መጣች።

ሰኞ ጠዋት፣ ጉባኤው ሳይቀመጥ፣ አዲስ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከአናቱ ላይ በቀይ «በአስተማሪው ርኅራኄ የተሻሻለ ውጤት» ይላል። ሠላሳ አንድ ተማሪ አልፏል። የእትዬ ልጅ ሠላሳ ሰባት ከአርባ አግኝታለች። ርኅራኄ ከሁለት ወደ ሠላሳ ሰባት እንዴት ያደርሳል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ርእሰ መምህሩ ራሱ መጥቶ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፣ መምህራኑም አጨበጨቡ። ጋሼ «ግዴታዬ ነው፣ ግዴታዬ ነው» እያለ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ፊሽካና እትዬ አንድ ላይ ገቡ። ፊሽካ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ሐይቁ ዳር የተቃጠለብዎትን እንተካልዎ ብለን ነው» አለ።

ሰው ሁሉ እያየው ነውና ፈታው። አዲስ ካርቶን ነው፤ ጫፉ በማስመሪያ የተቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹ እኩል የተበሱ። ከላይ፣ መሐል ላይ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል «ጀርባ» የሚል ተጽፎበታል። የፊሽካን ጽሑፍ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ አርሞታል። ይኼ የእሱ አይደለም። ይኼ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ትላንት ማታ ደግሞ ሲያርም በልጅቷ ወረቀት ላይ ያየው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ካርቶኑን እንደያዘ ቀና አለ። ፊሽካ የፊሽካውን ገመድ በጣቱ ያሽከረክራል። ልጅቷ በሩ ላይ ደብተሯን አቅፋ ቆማለች፤ አላስፈለጋትም እንጂ መሳቅ ትችል ነበር። ጭብጨባው ቆሞ መምህራኑ ሁሉ ምን እንደሚል ይጠብቃሉ። 

እትዬ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች። ስድስት ዓመት እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው በዚያ በለስላሳ ድምጿ፦

«ገልብጠህ ይዘኸዋል፣ የኔ ጌታ» አለችው።