ሳሙናው ያላነበበው መጽሐፍ

የዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ ፕሮፌሰራችንን በሌሉበት «ሚዛኑ» እንላቸው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ በግራ አንድ እስክሪብቶ ካለ በቀኝም አንድ አለ፤ መሃል ለመሃል የከፈሉትን ጸጉር ነፋስ ካበላሸባቸው የሰው ሰላምታ አይመልሱም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ፣ አንድ ፍሬም ሲሜትሪ ካለው፣ ማለትም ከየትኛውም ጎኑ ሲታይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በውስጡ የሚዘረጋው ስፋቱ ከሁሉ ያነሰ ሽፋንም የግድ እንዲሁ ነው ብለው ደምድመዋል።

እኔ በዶክትሬት ጽሑፌ የግድ አይደለም አልኩ። አልፈርምም አሉ። የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነበር፤ ፊርማቸው ከሌለ የአራት ዓመት ድካሜን ውሃ በላው። ስሌቱን አላይም ስላሉኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት መስታወት በአራት ሚስማር አያይዤ፣ አንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ሚስማሮቹ የቆሙት በካሬ አራት ማዕዘኖች ላይ ነው። በመጽሐፉ መሠረት የሳሙናው ስስ ሽፋን ከአራቱም መጥቶ መሃል ላይ መስቀለኛ መሥራት አለበት።

ነክሬ አወጣሁት። መስቀለኛ የለም። ሽፋኑ ሚስማሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣምሮ፣ በመሃላቸው አጭር ድልድይ አግድም ዘርግቷል። ሚዛኑ መስታወቱ አዘንብሏል ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። የግንበኛ ውሃ ልክ አስመጥተው ለኩት፤ አላዘነበለም። ሚስማሮቹን በማስመሪያ ለኩ፤ እኩል ናቸው። ቀጥሎ ጥፋቱ የሳሙናው ሆነ፤ ርካሽ ነው ተባለ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት፤ አሁን ድልድዩ ወደ ላይ ቆመ።

ማስመሪያውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

«የተኛውና የቆመው አንድ ላይ ሲታዩ ሲሜትሪው የት ተሰበረ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው። «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አይደለም እንዴ?»

እስክሪብቶውን አንስተዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አላሳረፉትም።

«ነው እንጂ፣ ፕሮፌሰር» አልኩ።

ፈረሙ። ሥራዬ በመጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም አዲስ ምዕራፍ ሆኖ ወጣ፤ እኔም በመቅድሙ ከታይፒስቷ ቀጥሎ ተመስግኛለሁ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም በዚያው መጽሐፍ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ይህን የድልድዩን ነገር ያገኙት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሥራ ውሌ ዘንድሮ ያበቃል፤ የሚያድሱልኝ እሳቸው ናቸው።

«አዎ» አልኳት።

ደብተሯ ላይ ጻፈችው።