ፈንታሁን ከጠፈር ሲመለስ

ይርዳው ከሚተረጉመው ፊልም ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም። ይህን ደብረ ታቦር በሙሉ ያውቃል፤ ግድ የሰጠው ሰው ግን አልነበረም። ከባህል ክፍል አጭር ማጠቃለያ ይላክለታል፤ እሱ ማይኩን ይዞ ከመጋረጃው ጎን ይቆምና የቀረውን ከሆዱ ያወጣዋል። በእሱ አፍ የመንኮራኩሩ አዛዥ ሠራተኞቹን እንደ እብናት ከብት ነጋዴ ይሳደባል። ባለ ሦስት ዓይኖቹ የሌላ ዓለም ፍጡሮችም ጠብ ከመጀመራቸው በፊት «እንደምን ዋላችሁ?» ይላሉ። ሰው ይህን ሊሰማ የክረምት ጭቃ እያቦካ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይመጣ ነበር።

የጠፈርተኛው ስም ለምላስ አልመች ስላለ፣ የመጀመሪያው ክፍል የመጣ ዕለት ይርዳው ከፊት የተቀመጠውን አንድ ልጁን ፈንታሁንን አየና «ይኼ ጀግና ፈንታሁን ይባላል» አለ። ሰዉ አውካካ፤ ስሙም በዚያው ጸና። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ጠፈርተኛው ብቅ ባለ ቁጥር አዳራሹ «ፈንታሁን!» እያለ ይጮኻል። ልጁም እያፈረ፣ ደስም እያለው አደገ።

አራተኛው ክፍል ሲመጣ ልጁ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ገብቷል። በዚያ ክፍል መጨረሻ ጠፈርተኛው ከመንኮራኩሩ ተነጥሎ ጨለማ ውስጥ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ፤ መብራት በራ። ይርዳው ማይኩን እንደያዘ ከፊት ወዳለው የልጁ መቀመጫ ዞረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ልጅ በቀር ሰው የለውም። ሞኝነት መሆኑን እያወቀም «በገዛ አፌ ልጄን ጣልሁት» የሚል ነገር ሆዱ ገባና ዓመት ሙሉ አልወጣ አለ።

እንግዲህ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አምስተኛው ክፍል ደረሰ። ማጠቃለያው «ጠፈርተኛው በሕይወት ተገኝቶ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል» ይላል። ይርዳው አንብቦት አለቀሰ። ሰሜን ያለው ጦር መጋቢት ላይ ተፈታ ከተባለ ወዲህ ከልጁ ደብዳቤ የለም፤ ራዲዮው የሚያወራው ድል ብቻ ነው። ይህን መመለስ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ በራሱ አፍ ካልተናገረው ልጁ የሚመጣ አልመስል አለው።

እሑድ ደረሰ፤ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም።

ጓድ እሸቴ፣ ዕድሜ ሳያይ ሁሉን አንተ የሚለው የባህል ክፍሉ ካድሬ፣ ባዶውን አዳራሽ አይቶ ተቆጣ። «አሻጥር ነው! አራት ክፍል እየተጋፋ ያየ ሕዝብ አምስተኛውን እንዴት ይተዋል? በሚቀጥለው እሑድ ካልሞላ ፊልሙን ጭኜ እመልሰዋለሁ። ምክንያቱን ፈልገህ አምጣ።»

ይርዳው ሊጠይቅ ወጣ። አንዱ ጾም ነው አለው፤ አምና በዚሁ ጾም አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሌላው ዝናቡን አሳበበ። ጠላ ቤት ሲገባ ጨዋታው ቆመ፤ ሰው ተሽቀዳድሞ መቀመጫ ለቀቀለት። «ያው የጠፈር ነገር ተደጋገመ፣ ጋሼ» አለው አንድ ጎረምሳ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ። ከግንባር አንድ እግሩን አጥቶ ሰኔ ላይ የተመለሰው ዘውዱም፣ ከሩቅ ሲያየው ምርኩዙን እያንቋቋ መንገድ ተሻገረ።

«ሰለቻቸው» አለ ይርዳው ለትኬት ሻጯ ለዘነበች፣ ለጎረቤቱ። «መጨረሻውን ቢያውቁ ግን ይመጡ ነበር። ፈንታሁን ይመለሳል እኮ! እስቲ ለሰው ንገሪልኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች ዘነበች። ሰሞኑን ሳይጠይቃት ውሃ ታስቀዳለታለች፤ እንጨት ታስፈልጥለታለች። ደግ ሴት ናት ብሎ አለፈው።

በሚቀጥለው እሑድም አዳራሹ ባዶ ነበር። ከማሽኑ ጋር የሚታገለው ጌጡ፣ ሰዓቱን የሚያየው ጓድ እሸቴ፣ በር ላይ ዘነበች፤ በቃ። ይርዳው ለባዶ ወንበር ተረከ። ጠፈርተኛው የአባቱን በር ሲያንኳኳ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ፈንታሁን መጣ! ያውና፣ አባቱ ሮጦ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ! ልጄ፣ የት ቆይተህ ነው አለው!»

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ወጣች። ይርዳው ሳል የያዛት መስሎት ቀጠለ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። የንስሐ አባቱ ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጎናቸው እብናት መሆን የነበረባት እህቱ ብዙነሽ አለች። ከኋላቸው ግቢውን፣ ከግቢው አልፎም መንገዱን፣ ሰው ሞልቶታል። ጋቢና ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው። ከፊት ወንበር ለመቀመጥ የሚጋፉት፣ ጾም ነው ያለው፣ ዝናብ ነው ያለው፣ ጎረምሳው ጭምር፣ አንድም የቀረ የለም።

ይርዳው ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። ማንም ሳይነግረው ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁ?»

«አብሮት የነበረው ዘውዱ ከመጣ ጀምሮ» አሉ ቄሱ። «መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ እህትህ እስክትደርስ፣ ጾሙም እስኪፈታ ነው መርዶህን ያቆየነው። ጽና፣ ልጄ።»

«አንቱ ፈንታሁን መጣ ሲሉ» አለች ዘነበች እያነባች፣ «እኛ የምናውቀውን እያወቅን እንዴት ቁጭ ብለን እንስማ?»

ብዙነሽ ጮኸች፤ ግቢው ተቀበላት። ይርዳው ግን ደጃፉ ላይ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ልቅሶው ጋብ እስኪል ጠብቆ ዘውዱን በእጁ ጠራው። ዘውዱ ምርኩዙን ጥሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንተ ነበርህ አሉ፤ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» አለው ይርዳው። «ምንም እንዳትጨምርበት።»