በሙሽራው ስም ውስጥ የገባ በሬ

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባበት ሰሞን ሴቻ ሰፈር ከኢየሩስ የሚፈጥን የኮምፒውተር ጸሐፊ አልነበረም። አንድ ጉድ ግን ነበረባት፤ «ጵ» የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለች አታውቅም። ታዲያ «ኢትዮጵያ»ን እንዴት ትጽፋለች ቢሉ፣ እሷ ምን ቸገራት፤ ከድሮ ደብዳቤ ኮፒ አድርጋ ትለጥፋለች። ፊደሏ የምትደጋገም ከሆነ ደግሞ በየቦታዋ ኮከብ ታስቀምጥና መጨረሻ ላይ ኮከቦቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ታስለውጣለች። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ቢባልም ኩራት መቼ ያስጠይቃል!

ይባስ ብሎ እጮኛዋ አጵሎስ የሚባል ሆነ።

አባቱ አቶ ኦይታ የጫኖ ሙዝ ገበሬ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም። የሠርጉን ጥሪ ካርድ ሐዋሳ ሊያሳትሙ ሲነሡ ኢየሩስ ዘላ ገባች።

«አባባ፣ እኔ እያለሁ? የገዛ ሠርጌን?»

«እሺ ልጄ። ግን አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ። ስሙን ያበላሸች ቤቱን አትይዝም፤ ነግሬሻለሁ።»

ይህን ሰምታም ሰው አልጠየቀችም። አ*ሎስ፣ አ*ሎስ እያለች ጻፈች፤ «ጵ»ን ኮፒ አደረገች። ልክ ልታስለውጥ ስትል የከብት ነጋዴው ጋሻዬ እያለከለከ ገባ።

«ኢየሩሴ፣ በሬዬ ገረሴ ገበያ ላይ ጠፋብኝ! ቶሎ ማስታወቂያ ጻፊልኝ!»

ጻፈችለት። ጉልህ እንዲሆንለት «ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ» የሚለውን ኮፒ አድርጋ ከላይም ከታችም ለጠፈችለት። እሱ ሲወጣ ወደ ካርዷ ተመልሳ ኮከቦቹን አስለወጠች። ኮምፒውተር ደግሞ የሚለጥፈው መጨረሻ ኮፒ የተደረገውን ነው። ካርዱን ገረሴ ላሉት የሙሽራው ዘመዶች የሚወስደው አይሱዙ ውጭ ጡሩንባውን ሲያንባርቅባት ጊዜ፣ አትማ ሳታነብ ጠቅልላ ሰጠች።

የተረፈውን አንድ ካርድ ያነበበችው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። «ልጃችን አቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬሎስ ኦይታ ከወይዘሪት ኢየሩስ ጋር...»

ሮጣ ወጣች፤ አይሱዙው የለም። አጵሎስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የባሰ አበገናት። አቶ ኦይታ ግን ካርዱን አይተው፣ የ«ጵ»ንም ጉድ ከራሷ አፍ ሰምተው «በሠርጉ ቀን እንነጋገራለን» ብቻ አሉ።

በሠርጉ ቀን እሳቸው ሊናገሩ ከድንኳኑ መሐል እንደ ቆሙ ገረሴ የሚኖሩት የአጵሎስ አጎት በሬ እየጎተቱ ገቡ። ቀይ ነው፤ አንድ ቀንዱ ተሰብሯል።

«ከከብቶቼ ተደባልቆ ባለቤቱን ሳፈላልግ ነበር» አሉ። «ካርዱን ሳነብ የሙሽራው መሆኑን አወቅሁ። ይኸው በሬህ፣ ልጄ!»

ከእንግዶቹ መሐል ጋሻዬ ሳህኑን ጥሎ ተነሣ። የሱን ማስታወቂያ ዝናብ አጥቦት ኖሮ ተስፋ ቆርጦ ነበር። የበሬውን አንገት አቅፎ አለቀሰ፤ እዚያው ላይም ለሙሽሮቹ አንድ ወይፈን ሰጠ።

ኢየሩስ ቬሏን በጣቷ እየጠቀለለች አንገቷን ደፍታ ፍርዷን ጠበቀች። አቶ ኦይታ በሬውን አዩ፣ ወይፈን የተሰጠውን ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ማንም አይቶት የማያውቀው ጥርሳቸው ተገለጠ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያቺን ፊደል አደራ እንዳትማሪያት።»