ሳሎን የገባው ጥድ

ወንድሜ ይትባረክ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሱቁን ሲዘጋ በጥይት ተመትቶ ከሞተ ሳምንት ሊሞላው ነው። አባዬ ያውቃል፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ማሞ ያውቃሉ፣ የዕድሩ ሰዎች በሙሉ ያውቃሉ። የማታውቀው የወለደችው ብቻ ናት።

«በዓሉ ይለፍ» አሉ ጋሽ ማሞ። «ሬሳውም የሚገባው ከገና በኋላ ነው። ደም ግፊት ያለባትን ሴት በዓመት በዓል አትግደሏት። ማግስቱን በማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን።»

ትልቅ ሰው ከተናገረ አለቀ። እኔ ግን ይሄ ልማድ ያንገበግበኛል። ለእሷ አዝነን ነው እንላለን፤ ልጇ ሞቶ ዶሮ ስታማርጥ ግን ቆመን እናያታለን። ከዚህ የባሰ ጭካኔ ካለ ንገሩኝ።

«ለምንድን ነው የማይደውለው?» ትለኛለች ጠዋት ማታ።

«የበዓል ገበያ ነዋ፣ እማዬ። ሱቁ ተጨናንቆበት ነው።»

«የነሱ ገና አልፎ የለም እንዴ?»

«እንግዲያው ኔትወርክ ነው» እላለሁ። ኔትወርክ ደግሞ በዚህ አገር ያልተላከከበት ጥፋት የለም። አንድ አውሮፕላን የኮንዶሚኒየማችንን ጣሪያ ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ ባለፈ ቁጥር እኔ ስለ ሬሳ ሳጥኑ አስባለሁ፤ እሷ «ይሄኔ እኮ የሰው ልጅ ለበዓል እየገባ ነው» ትላለች።

ስለ ገና ዛፍ ልንገራችሁ። አባዬ ዛፍ ሲባል ደሙ ይፈላል። «ጌታ የተወለደው በረት ውስጥ ነው፤ ጥድ ሥር ተወለደ ያለ ማን ነው? በቤቴ የፈረንጅ ነገር አላይም!» ይትባረክ ደግሞ ትንሽ ልጅ ሆኖ ዓመት በመጣ ቁጥር እግሩ ላይ እየወደቀ ያለቅስበት ነበር። በመጨረሻ እማዬ አስታረቀቻቸው፦ ዛፉ በእኛ በልጆቹ መኝታ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ ይቁም፤ አባዬም እንዳላየ ይለፍ። እውነትም ገና እስኪያልፍ ክፍላችንን አይረግጥም ነበር። «ደህና እደሩ» የሚለን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። እኛም አንሶላ ውስጥ ገብተን እንስቅበታለን። ይትባረክ ከሄደ ወዲህ ዛፍ የጠየቀም ያመጣም የለም።

የዋዜማው ዕለት እማዬ ማድቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። አባዬን ቄጤማ እንዲገዛ ልካዋለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ፣ በግቢው በር አንድ ትልቅ ጥድ የተሸከመ ሰው ገባ። አባዬ ነበር።

ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ቄጤማውን ረስቶታል። የቀለም ባልዲ ፈልጎ ድንጋይ ሞላበትና ጥዱን ሳሎን መሃል፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመው።

«ሊድያ፣ ጥጥ አለ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ተው» አልኩት በሹክሹክታ። በዓይኔም ለመንኩት። አልሰማኝም። ጥጡን ራሱ ከመሳቢያ አወጣና ይትባረክ ያደርግ እንደነበረው እየቆነጠረ ቅርንጫፎቹ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። በጣም ተናድጄበት ነበር፤ ጥጡን እንደ ልጅ ሲደረድር ሳይ ግን ንዴቴ ጠፋ።

እማዬ ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች።

«ደጀኔ! አንተ? ዛፍ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ደስ ይበላችሁ ብዬ ነው» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ጀርባውን አየች። ጥጡን አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ «ዘመኑ ተለውጧል እኮ፣ እማዬ» ልላት አስቤ ዓይኔን ከዓይኗ አሸሸሁ።

«ልጄ እግርህ ላይ ወድቆ ሲለምንህ እምቢ ያልከውን» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ማንም ሳይለምንህ?»

አባዬ ሌላ ጥጥ ቆንጥሮ ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠ።

ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወንበር ላይ የነበረውን ነጠላዋን አነሳችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«መቼ ነው?» አለች።

አባዬ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ የእማዬን ጩኸት የሰማው ሕንፃው በሙሉ ነው።

ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ። ጋሽ ማሞም ደረሱ፤ «ማን ነው የነገራት?» ብለው አፈጠጡብኝ። ማንም አልነገራትም። ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ኮሪደር ተጋዘ፤ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈ።

«ሐዘን ቤት ውስጥ ዛፍ! አውጡልኝ ይሄን!» አሉ ጋሽ ማሞ፤ ሁለት ጎረምሶች ባልዲውን ከሥሩ ያዙት።

እማዬ ፍራሹ ላይ ሆና ደረቷን መምታት አቆመች።

«ተዉት» አለች በተዘጋ ድምፅ። «አባቱ ነው ያመጣለት።»