ታጣፊ ወንበር ይዞ ሸለቆ መውረድ

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ልጆቿን ያሳደገችው፣ ባሏን የቀበረችው፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰችው እዚያው ቤት ሆና ነው። በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ መጀመሪያ የምታርፈው መርፌው ላይ ነው። ሰዎች «ይሄን ሁሉ ደረጃ እንዴት ትችይዋለሽ?» ሲሏት «እሱ ነው እንጂ እኔን የቻለኝ» ትላለች።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጨርቅ የሞላ ጆንያ አቅፋ ስትወጣ እግሯ አዳለጣትና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተዘርራ ተገኘች። ያገኛት ደግሞ ከሰው ሁሉ ተመርጦ ትልቁ ልጇ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንሥቶ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ ጨርቋን ለቃቅሞ ይሰጣትና ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

ይህ ልጅ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የሚለው። ማሙሽ በዚያው ሰሞን ከጓሮው ያለችውን ክፍል አስጠገነ፣ ቀለም አስቀባ፣ አልጋ አስገባ። «እማዬ እኔ ጋ ልትገባ ነው» ብሎ ለዘመድ ሁሉ አወራ። ከእናቱ ቤት ቁልፎች አንዱንም «ለማንኛውም» ብሎ ኪሱ ከተተው። ልብስ ሰፊዋ ክፍሏን ሄዳ አየቻት። ንጹሕ ናት፣ ትሞቃለች፤ መስኮቷ ግን የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። መብራት ሳታበራ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣችና ክሩን ለማስገባት ሞከረች። አልገባም። ምላሷ ላይ አርጥባ ደገመችው፤ አሁንም አልገባም። ለእሷ ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ።

ዝም ብሎ «እምቢ» ማለት ግን በዚህ ቤተሰብ አይሠራም። ሟቹ ባሏ የተከለው ደንብ አለ፤ ክርክር በአፍ አይዘጋም። አንድ ነገር የፈለገ ሰው ሠርቶ ያሳያል፣ ተከራካሪው ፈተናውን ይመርጣል፣ ሌላው ይፈርዳል። ማሙሽ በልጅነቱ ብስክሌት ሲጠይቅ አባቱ ክረምቱን ሙሉ በማለዳ እየተነሣ ዳቦ እንዲገዛ ፈረደበት። ብስክሌቱን ባገኘ ማግሥት ዳቦ መግዛቱን ተወ፤ ደንቡ ግን ሰውየው ከሞተም በኋላ አልተሻረም።

«ፈተናውን አንተ ምረጥ» አለችው እናቱ። «ካለፍኩ ከቤቴ ማንም አያነቃንቀኝም። ካቃተኝ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።»

ማሙሽ አገጩን እያሻሸ አሰበ። ከዚያ ያ አገር ምድሩ የሚጎርፍበት ብሔራዊ ፓርክ ትዝ አለው፤ ሁልጊዜ በቴሌቪዥን የሚያየው፣ ምድር ለሁለት ተሰንጥቃ ከሥር ወንዝ የሚሄድበት ሸለቆ። «እንግዲያው ታች ድረስ ወርደሽ ወንዙን ትነኪያለሽ» አላት። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ትወጫለሽ። በእግርሽ። የማንም እጅ ሳይደግፍሽ።» ይህን ያለው ስቃ ትተወዋለች ብሎ ነው።

እሷ ግን «መቼ ነው የምንሄደው?» አለችው።

ዳኛዋ ታናሽ እህቱ ሆነች። እሷም የልጆች እናት ሆና እስካሁን ሚጣ ናት። ፋርማሲስት ናት፤ የሐኪም ማዘዣ ያላየችበትን መድኃኒት ለገዛ እናቷም አትሰጥም። የዳኝነቱን ነገር አደራ ሲሏት ሁለቱንም አየቻቸውና «በኋላ ማልቀስ የለም» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ደረጃውን መውጣት መውረድ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ያዩዋት ጎረቤቶች ውሃ የተቋረጠ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ግር ብለው ወጡ። ቆይተው ግን «ሴትዮዋ ጤናም የላት» እያሉ መንገድ ይለቁላት ጀመር። ጉልበቷ ሲያማት አትለማመጠውም፤ «አንተ ሰነፍ፣ ዕድሜ ልክህን ተቀምጠህ ፔዳል ስትረግጥ ኖረህ ዛሬ ምን ሆንኩ ትላለህ?» ትለዋለች። ማታ በሞቀ ውሃ ታሸዋለች፤ ጠዋት እንደገና ትሰድበዋለች።

ቀኑ ደረሰና ማልደው ፓርኩ ገቡ። አፋፉ ላይ ሰው እንደ ገበያ ነው። ጀርባውን ለሸለቆው ሰጥቶ ፎቶ የሚነሣው፣ ልጁን በእጁ ጠፍንጎ የያዘው፣ ባርኔጣውን ነፋስ የወሰደበት፣ ሁሉም አለ። ልብስ ሰፊዋ ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ ቁልቁል አየች። ቀዩ ድንጋይ ተደራርቦ ተደራርቦ ይወርዳል፤ ወንዙ ከሥር የወደቀ ክር ይመስላል። ፈራች። ያን ጊዜ ክር ያላስገባችበት መስኮት ትዝ አላትና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሸራ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

ቀና ስትል ማሙሽ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር አስሯል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ታጣፊ ወንበር። ሲደክምሽ ትቀመጪበታለሽ።»

«እንግዲህ አንዴ አዝለኸዋል፤ አጥብቀህ እሰረው» አለችው።

ሚጣ «ዳኛ አይወርድም» ብላ ከአፋፉ ዛፍ ሥር ምንጣፏን አነጠፈች። መውረጃው በር ላይ የቆመው የፓርኩ ጠባቂ እናትየውን ከጫማዋ እስከ ሻሿ አይቶ «እማማ፣ መውረዱ እንዳያታልልዎት» አላት። «ተራራ ቢሆን ሲደክምዎት ተመልሰው ይወርዳሉ። እዚህ ግን ሲደክምዎት ነው መውጣቱ የሚጀመረው።»

«ሰማሽ?» አለ ማሙሽ።

«ለሁለታችን ነው የተናገረው» አለች።

ማሙሽ ግን አልሰማም። አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ቁልቁለቱ እያንደረደረው፣ ቦርጩ ፊት ፊት እየመራው እየሮጠ ወረደ። የመንገዱ እጥፋት ላይ በደረሰ ቁጥር ወንበሩን ይዘረጋና ጥላ ሥር አስቀምጦ ይጠብቃታል። እሷ ደግሞ የቀሚስ ጠርዝ እንደምትሰፋ ሁሉ አንዱን እርምጃ ከሌላው ሳታበላልጥ ትደርሳለች። «ቁጭ በይ እንጂ» ይላታል። «እግዜር ይስጥልኝ» ትልና ታልፋለች። ወንበሩን አጥፎ፣ አዝሎ፣ እሷን ቀድሞ እንደገና ይሮጣል። ጎብኚዎች ነገሩ ገርሟቸው አንዳንዶቹ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ። እንዲህ ሲል ሲል ለሰው ሁሉ ወንበር እያደለ ወንዙ ጋ ደረሰ፤ ያልተቀመጠችበት እናቱ ብቻ ናት።

ወንዙ ከላይ እንዳየችው ክር አይደለም፤ ሰፊ ነው፣ ያጓራል። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ነከረችና ፊቷን ታጠበች። ደስ አላት። በባሏ ዘመን እንኳን እንዲህ ካለ ቦታ ደርሳ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ተሰፍቶ ማለቅ ያለበት የሰው ልብስ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለልጇ ዳቦና እንቁላል አቀረበች። ማሙሽ በልቶ ጋደም ሲል ቀኝ ጉልበቱን በስሱ ሲያሸው አየችው።

«እማዬ» አላት ዓይኑን ጨፍኖ፤ «አሁን በቃኝ ብትይ የሚታዘብሽ የለም። ጠባቂዎቹን እንጠራለን።»

«ተነሥ፣ ፀሐይዋ አታርፍም» አለችው።

መውጣቱን ጀመሩ። አሁን የምትቀድመው እሷ ሆነች። ፍጥነቷ ግን ጠዋት ስትወርድ የነበረው ነው፤ አልጨመረችም አልቀነሰችም። ጉልበቷ ተቆጣ፤ እሷም ተቆጣችው። ትንፋሿ ሲያጥር ቆማ ትስብና ትቀጥላለች። ገና ከግማሽ ሳይደርሱ የማሙሽን ጫማ ድምፅ ከኋላዋ አጣችው። ጠበቀች። እንዳልመጣ ስታይ ተመልሳ ወረደች።

ማሙሽ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጦበታል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ሱሪውን ወጥሮታል። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ሳቁ ጠፋባት።

«ጉልበቴ ስወርድ ነው የተበላሸው» አላት። «አንቺ ሂጂ። እኔ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ።»

ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። አሁን ብትሄድ በጊዜ ትወጣለች። ቤቷ፣ መስኮቷ፣ መኪናዋ፣ ሁሉም ከላይ ቆመው የሚጠብቋት መሰላት። በልጇ ላይ የነደደችው ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሩጫው፣ ከዚህ ሁሉ ቀን መርጦ ዛሬ ጉልበቱ ስለ ማበጡ። ከዚያም ክንዱን ይዛ አስነሣችው። ወንበሩን አጥፋ የራሷ ጀርባ ላይ አሰረችው።

«እማዬ፣ ውሉ…»

«የውሉን ነገር ለእኔ ተወው። እጅህን አምጣ።»

ጀሪካኑ አሁን ጠቀማት፤ ልዩነቱ ጀሪካን እንዲህ አያቃስትም። ማሙሽ በግራ እግሩ እየረገጠ፣ በእጇ ላይ ሙሉ ክብደቱን እየጣለ ይከተላታል። እጥፋት ላይ ያርፋሉ፣ ውሃ ይጎነጫሉ፣ ይነሣሉ። አንዱ እጥፋት ላይ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ያን ቀን መጀመሪያ ያየሁት ጫማሽን ነው። ደረጃው ላይ ለብቻው ወድቆ። የሞትሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ወከክ ትላለች።»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አየችው። እስካሁን እልኸኛ ብቻ መስሏት ነበር። «እኔም አንተ ብስክሌት የጀመርክ ጊዜ እንደዚሁ ነበርኩ» አለችው። «በር በተንኳኳ ቁጥር ሬሳህን ያመጡልኝ ይመስለኝ ነበር። ብስክሌትህን ግን አልደበቅኩብህም።»

ተነሥተው ሄዱ።

የመጨረሻው እጥፋት ላይ ሲደርሱ አፋፉ ታየ፤ የሰዎቹም ጭንቅላት። ፀሐይዋ ከወዲያ ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ትንሽ ቀርቷታል። «ማሙሽ፣ ከዚህ በኋላ ልቀቀኝና በራስህ ሞክር» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ለቀቃት። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሳይወድቅ መልሶ ያዛት። እንደተያያዙ ወጡ።

ጠባቂው ገና ሲያያቸው እጁን አጨበጨበ። «እንዲህ ነው ልጅ! እናቱን ደግፎ አወጣት። ወላድ አንተን ትውለድ!» ዙሪያውን የነበሩትም አጨበጨቡ፤ አንዷ ሴት ዕንባዋን ጠረገች። ሚጣ ሰው እየገፈታተረች መጣች። ዓይኗ ፀሐይዋን አየ፣ ገና ናት፤ ከዚያ የተያያዙት እጆች ላይ አረፈ። ፊቷ ዳመነ።

«እማዬ» አለች፣ «እጅ ተይዘሽ ነው የወጣሽው። ውል ውል ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ይሄ ሁሉ ሰው እያጨበጨበለት «እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣሁት» ብትል ልጇ የት ይገባል? አፏን መልሳ ዘጋችው። ያቺን ግድግዳ የምታይ መስኮት አሰበች፤ መብራት እያበሩ መስፋትም ይቻላል አለች ለራሷ።

ማሙሽ ጫማውን ያያል። ዝም ቢል የፈለገውን ሁሉ አገኘ። እናቱ ከጓሮው ትገባለች፣ እሱም ሌሊት ይተኛል፣ በዚያ ላይ ጭብጨባው አለ። ሚጣ ልትፈርድ አፏን ስታንቀሳቅስ እጁን ከእናቱ እጅ ሳያላቅቅ ወደ ላይ አነሣው።

«ሚጣ፣ ደህና አድርገሽ እዪ። የተደገፈችው እሷ አይደለችም» አለ። «ጉልበቴ ከመንገድ አልሄድም ብሎኝ እኔን እየጎተተች ነው የወጣችው። ወንበሩንም ተሸክማ። ለቃኝ ብትመጣ ኖሮ ቀድማ ትገባ ነበር።»

ጭብጨባው ቆመ። ጠባቂው የእናትየውን ጀርባ፣ የልጅየውን ጉልበት አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ሚጣ ጎንበስ ብላ ያበጠውን ጉልበት በፋርማሲስት ጣቷ ነካ አድርጋ ማሙሽን አስጮኸችው። ከዚያ ቀና ብላ «ማስረጃው በቂ ነው» አለች። «እማዬ ቤቷ ትገባለች።» ራሷ ያወጣችውን ሕግ ሽራም እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መላ ሰውነቷን እያመማት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ክሩ በአንድ ጊዜ ገባላት። ከታች እግሩን እየጎተተ የሚወጣ ሰው ሰማች። አንድ እርምጃ፣ እረፍት፣ ማቃሰት። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ያን ክረምት የወደቀችበት ቦታ ላይ ትናንት ስትገባ ወንበሩን ዘርግታ ትታው ነበር። ሲጢጥ ሲል ሰማችው፤ ተቀመጠ ማለት ነው። አላጣደፈችውም፤ የያዘችውን ጠርዝ ሰፍታ እስክትጨርስ እርምጃው እንደገና ተነሣ።

በሩ ጋ ሲደርስ ያ «ለማንኛውም» ብሎ የወሰደው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲንቃጨል ተሰማት። ከዚያ ቁልፉን እንደያዘ በጣቱ በሩን አንኳኳ።

«ማነው?» አለች፣ ማን እንደሆነ እያወቀች።