ለእያንዳንዱ ስም

በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለው ዕድራችን ሰማንያ አራት አባላት አሉት። ሰው ሲሞት የሚጠራን ጋሽ ወልደ ሥላሴ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጡሩምባውን ይዞ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሆቴል ሆቴል ዞሯል። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለው። እኔ ዘርአብሩክ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሽማግሌው ሲያነክስ ማየቱ አንገበገበኝና በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፕሮግራሚንግ ልማር ተመዘገብኩ። ሚስቴ «ምነው፣ ጤና የለህም?» አለችኝ። ጤና ነበረኝ።

አስተማሪዬ ፎዚያ ከልጄ ታንሳለች። መጀመሪያ ፋንክሽን አሠራችኝ፤ ስም ሲሰጡት የቀብር ጥሪ ጽፎ ይመልሳል። ቀጥሎ የአባላቱን ዝርዝር አስገባንና በአንዲት መስመር «በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ስም ይህን ሥራ» የሚል ትእዛዝ አስጻፈችኝ። ጥሪዎቹ በስልክ እንዲደርሱ ራሷ አያያዘችው።

«ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ኢፍ ብትጨምር እኮ መለየት ትችላለህ። ለዚህ ላክ፣ ለዚያ ተው ማለት ነው» አለችኝ።

«በዕድር ሰው አይለይም» አልኳት። ደንባችን አንቀጽ ሦስት ላይ ተጽፏል።

«ሳዋ፣ ጋሼ» ብላ በስዋሂሊ እሺታዋን ገልጻ ተወችኝ።

በወሩ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ራሱ ሞተ። እያለቀስኩ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ሞላሁና ቁልፉን ተጫንኩ። እያንዳንዱ ማለት እያንዳንዱ መሆኑ የገባኝ የተላኩትን ሳይ ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ክቡር አቶ ወልደ ሥላሴ፣ የአባላችን የአቶ ወልደ ሥላሴ ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ስለሚፈጸም እንዲገኙ።»

ስልኩ ያለው ሚስቱ እታለማሁ እጅ ነው። ላሳርፈው ያልኩትን ሰው ገና ሬሳው ሳይወጣ አላገጥኩበት። ከቀብሩ ብቀር በወደድኩ፤ ግን ጸሐፊ አይቀርም።

ድንኳኑ ውስጥ አስጠራችኝ።

«አንተ ነህ የላክኸው?»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ፕሮግራሙ የሞተና ያልሞተ አይለይም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መልእክቱን ደግማ አነበበችው።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ሲጠራ ኖረ» አለች። «እሱን ግን አንድም ቀን የጠራው የለም። ጠሪውን ማን ይጠራዋል? ዛሬ በስሙ፣ ያውም ክቡር ተብሎ ተጠራ።»

ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«በል አሁን ስሙን ሰርዘው» አለችኝ።

ከዝርዝር ስም መሰረዝ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው። እኔን ሦስት ቀን ፈጀብኝ።